ከተማዋ ቀርታ ስሟ ሲሄድ

አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ዘመናዊ ካፌዎች ወደ አንዱ ጎራ ብለው «ሞካ» ቢያዙ፣ ቡና፣ ወተትና ቸኮሌት የተቀላቀለበት መጠጥ ይቀርብልዎታል። አስተናጋጁ አልተሳሳተም። ቃሉ ዛሬ በእንግሊዝኛ የያዘው ትርጉም ይኸው ነው፤ እኛም ከእንግሊዝኛ ነው የተቀበልነው። ሞካ ግን የመጠጥ ስም ከመሆኗ በፊት አገር ነበረች። ሰው የሚኖርባት፣ መርከብ የሚቆምባት፣ ቀረጥ የሚሰበሰብባት አገር።

ሞካ በየመን የቀይ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ወደብ ናት፤ ዐረቦቹ አል-ሙኻ ይሏታል። በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ይጫን የነበረው ቡና በአብዛኛው በእሷ በኩል ስለሚወጣ፣ ፈረንጆቹ ቡናውን በወደቡ ስም ጠሩት። የእኛው የሐረር ቡና እንኳ «ሞካ ሐረር» እየተባለ ተሽጧል። በኋላ ሆላንዶች ቡናን ጃቫ ደሴት ላይ ተከሉ፤ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1839 ኤደንን ሲይዙ ንግዱ ወደዚያው ዞረ። ሞካ ደኸየች። ስሟ ግን አልደኸየም፤ ቡናውን ትቶ ከቸኮሌት ጋር ተጎዳኘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «ሞካ» እያለ የሚያዝ ሰው ለሞካ ሕዝብ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ክፈል የሚለውም የለም። ስሙ ስም መሆኑ ቀርቷላ!

ይህን ያነሳሁት ለየመን አዝኜ ብቻ አይደለም። ያው ዕጣ ለእኛም ይርጋጨፌ ተደግሶላት ነበር።

ይርጋጨፌ ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጌዴኦ ከተማ ናት። ትንሽ ናት። በእንግሊዝኛ ግን ትልቅ ናት። ለአማርኛ ጆሮ «ይርጋ» እና «ጨፌ» ሁለት ቃል ሆነው ይሰማሉ፤ መርጋቱም ርጥቡ መስክም ፊት ይመጣል። እንግሊዝኛው ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ «ኤፍ»ን ሁለት ጊዜ ደርቦ ይጽፈዋል። «ጨ»ን ማለት ስለማይችል የቃሉን ጅራት እንደ ምግብ አብሳዩ «ሼፍ» የሚያነበው ሞልቷል። የቡና ቆዪዎቹማ ጭራሽ አሳጥረው «ይርግ» ይሉታል።

አጠራሩ አያስከፋም፤ እኛስ የስንቱን አገር ስም ሰባብረን የለም? ቁም ነገሩ ወዲህ ነው። በእንግሊዝኛ «ይርጋጨፌ» ቀስ በቀስ የጣዕም ስም እየሆነ መጥቷል። አበባ አበባ የሚል፣ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ እንደ ሻይ የሳሳ ቡና ሲያገኙ፣ የሌላ አገር ቡና ቢሆንም እንኳ «ይርጋጨፌ ይመስላል» ይላሉ። ሙገሳ ነው። ሞካም የጠፋችው ግን በሙገሳ ነው።

ጉዳዩ ፊት ለፊት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካው ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ። ሐረርና ሲዳሞ ግን መጀመሪያ ላይ ተመለሱ። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስሞቹ የአንድ ዓይነት ቡና መጠሪያ ሆነዋል፣ የወል ስም ናቸው የሚል ነበር። ልብ ይበሉ! አንድን ስም ለብዙ ዘመን ሲሸጡበት ኖረው፣ ባለቤቱ ሲመጣ «እኛ እኮ ስለለመድነው ያንተ አይደለም» እንደ ማለት ነው።

ስታርባክስ በበኩሉ የንግድ ምልክቱ ይቅርና የቡናውን መነሻ አካባቢ የሚያረጋግጥ ምልክት ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም፤ ብዙ አገር የሚሠራበት መንገድ ነው። ሆኖም ቡናችን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ገበሬዎች ጓሮ የሚለማ ነው። የእያንዳንዱን ማሳ ፍሬ ተከታትሎ ማረጋገጫ መስጠት የሚያስከፍለው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ ነገሩ የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ። ሰኔ 2007 ላይ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት ተቀብሎ ያለ ክፍያ በፈቃድ ሊጠቀምባቸው ፈረመ። በ2008 ሐረርና ሲዳሞም ተመዘገቡ።

«ያለ ክፍያ ከሆነ ታዲያ ምን ተረፈን?» የሚል አይጠፋም። የተረፈን ስሙ ስም ሆኖ መቆየቱ ነው። ፈቃድ የሚጠየቅበት ስም ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያለው ስም ደግሞ ዋጋ ይደራደራል። ሞካ ይህ ዕድል አልደረሳትም።

ግን ድሉን አናጋንነው። መዝገብ ስምን ከሌባ ይጠብቃል እንጂ ሁሉንም አያስተካክልም። «ሲዳሞ» የሚለውን አጠራር የሲዳማ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ ሲቃወመው ኖሯል፤ ሲዳማ በ2020 ክልል ሆኗል። በእንግሊዝኛው የቡና ከረጢት ላይ ግን አሮጌው ስም ዛሬም ይነበባል፤ ገበያው ለምዶታልና። ይርጋጨፌም ብትሆን የወናጎና የኮቸሬ ቡና በእሷ ስም ይሸጣል፤ የጎረቤቶቿ ገበሬዎች ያለሙትን እሷ ትመሰገንበታለች። ስም ከአገሩ ሲወጣ እንዲህ ነው፤ አንዱን ያነሳል፣ ሌላውን ይሸፍናል።

በ2023 የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የተመዘገበው ቡናው ብቻ አይደለም፤ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከመካከል እንሰቱ፣ ከሥሩ ቡናው፣ በዚያም ላይ ይህን አስማምቶ ያኖረው ሰው ነው። እንግሊዝኛው ከዚህ ሁሉ የወሰደው አንዲት ቃል ነው። ቃሏን መልሱ አንልም፤ ይጠቀሙባት። የሚሻለው ቃሏ በተነሳች ቁጥር ከጽዋው በስተጀርባ ከተማ መኖሩ እንዳይረሳ፣ ስሙ የሚያመጣው ዋጋም እዚያ ከተማ እንዲደርስ መጠበቅ ነው። ይህን ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪው አይሠራልንም።