ጀቢራ፣ ወጌሻ እና ጡንቻ ውስጥ የበቀለ አጥንት



ውዱእ የተማረ ሁሉ «ጀቢራ»ን ያውቃል፤ በተሰበረ አካል ላይ የሚታሰረው ጠገን ነው። በላዩ ላይ ማበስ በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ተብራርቷል። ዐረቦች አጥንት ጠጋኙን «ሙጀቢር» ያሉት ከዚሁ የቃል ሥር ነው። የሒሳቡ አልጀብራም ዘመዱ ነው፤ በድሮው ስፓንኛ እንዲያውም «አልጀብሪስታ» ማለት ወጌሻ ነበር።

ነገሩን ያነሳሁት ቡታጅራ ውስጥ በምናስቀራው አንድ ደረሳ ምክንያት ነው። ኳስ ሲጫወት ታፋውን በጉልበት ተመታ፣ ጡንቻው ደም ቋጠረ። ቤተሰቡ አዝነው በቅቤ ያሳሹት ጀመር፤ በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም፣ ልጁ ጥርሱን ነክሶ። በአራተኛው ሳምንት እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ጉልበቱም አልታጠፍ አለ። ሰፈሩ «ካንሰር ነው» አለ። ራጅ ሲነሳ የታየው ግን አጥንት ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ጠመንጃ ትከሻቸውን በሚመታቸው እግረኞች ላይ ሲያገኙት «የልምምድ አጥንት»፣ ኮርቻ የውስጥ ታፋቸውን በሚጎዳቸው ላይ ደግሞ «የፈረሰኛ አጥንት» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ሮንትገን ራጅን ካገኘ በኋላ ቆዳ ሳይከፈት ይታይ ጀመር።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦ በተመታው ጡንቻ ውስጥ ደም ይቋጥራል፤ ጠባሳ መሆን የነበረባቸው ሴሎች አቅጣጫ ስተው አጥንት ይሠራሉ። አጥንቱ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ይበስላል። ትኩስ ጉዳትን ማሸትና በግድ ማጠፍ ያባብሰዋል። ክርኑ ወልቆ በኃይል የታሸ ሰው ክንዱ ደርቆ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ወጌሻን ማንቋሸሽ አልፈልግም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን በ1013 እ.ኤ.አ. ገደማ የሞተው የቁርጡባው አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ)፣ «አት-ተስሪፍ» በተባለው ባለ 30 ክፍል ኪታቡ የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥቶ፣ ስለ ስብራትና ውልቃትም ጽፏል። እብጠት ባለበት አካል ላይ ጠገን ለማሰር አይቸኩልም፤ እስኪበርድ ቀናት ይጠብቃል። ዛሬም ለተመታ ታፋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው እረፍትና በረዶ ነው።

ደረሳውን ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አላደረገለትም። ያልበሰለ አጥንት ቢወጣ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፤ ስለዚህ ወራት ይጠበቃል፣ ብዙውም በራሱ ይቀንሳል። አልሐምዱሊላህ አሁን ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ይሰግዳል። ታፋውን ሲዳስስ ግን አሁንም ያገኘዋል።