አሮጌ አውቶሞቢልና የታሪክ ወረቀቱ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ሽያጭ ነው። «ለታሪክ በተመደበው ሰዓት ከዚህ የተሻለ ነገር ጠፍቶ ነውን?» የሚል ከመካከላችሁ ቢገኝ አንቀየመውም። የነገሥታትን ሥራና የጦር ሜዳን ውሎ መስማት የለመደ ጆሮ የዛገ ላሜራ ወሬ ሲቀርብለት ቅር ቢለው አያስደንቅም። ነገር ግን ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በአምባሰል በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ያመጣብንንም ያመጣልንንም ስንመረምር፣ ጎማው ወልቆ በግቢ ጥግ የቆመ አሮጌ ካሚዮን ብዙ የሚናገረው ነገር አለው። ችግሩ፣ ካሚዮኑ ሲሸጥ አንደበቱ አብሮት የማይሸጥ መሆኑ ነው።

አውቶሞቢል አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌ የሚባለውን አውቶሞቢል በረሃውንና ዳገቱን እያቋረጠ አዲስ አበባ አገባ፤ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም ናኬ የተባለውን የአገሩን ሥራ ይዞ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱም ለአዲስ ነገር ሁሉ ልባቸው ክፍት ነበረና ሳይፈሩ ተሳፈሩ። በዚያው ዘመን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢል ትምህርት ተማሩ፤ እግረ መንገዳቸውንም ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመለሱ። ሾፌርነትንና ባለቅኔነትን አጣምሮ የያዘ ሰው ከመጀመሪያው ማግኘታችን ደስ የሚያሰኝ ነው። ስለ ሸክላዎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አውቶሞቢሎቹ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

በወሎ በኩል ሞተር በብዛት የታየው በሰላም ጊዜ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ላይ ሰፍረው ሳሉ ኅዳር 26 ቀን ከተማይቱ በአውሮፕላን ተደበደበች። በሚያዝያ ወር ደሴ በጠላት እጅ ወደቀችና ማርሻል ባዶልዮ ከ1,700 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ተነሣ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገባ። ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰውም ጎዳና በአምስቱ ዓመት ውስጥ ተጠርጎ ተነጠፈ። ጠላት ይህን የሠራው ለጦሩና ለሰፋሪው አስቦ ነው እንጂ ለአምባሰል ባላገር አዝኖ አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1933 ዓ.ም. ድል በተገኘ ጊዜ ጎዳናው መሬት ላይ ቀረ፤ ከምርኮው ንብረት ብዙውን እንግሊዞች ከአገር ቢያወጡትም ከካሚዮኖቹ አንዳንዱ እዚሁ ቀረ።

ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው ፊያት 634 ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1931 እስከ 1939 የተሠራ ባለ ናፍጣ ካሚዮን ሲሆን ሾፌሩም ሕዝቡም «ትሬንታ ኳትሮ» ይለዋል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ደግሞ «ኤን ትሬ» ተብሎ በአሰብ መንገድ፣ በኮምቦልቻና በደሴ፣ በሐይቅም በኩል እህልና ጨው ሲያመላልስ ኖረ። ከብረቱ ይልቅ ሥር የሰደደው ግን ቃሉ ነው። መኪና የምንለው ራሱ የኢጣልያንኛ ዘር ነው፤ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ሁሉ ከዚያው ወገን ናቸው። አያቱ በአርበኝነት ጠላትን የተዋጋ የሐይቅ መካኒክ ረዳቱን «ያን ቸርኬ አቀብለኝ» ሲለው፣ በአፉ የያዘው ምርኮ መሆኑን ልብ አይለውም።

እንግዲህ የእነዚህን ተሽከርካሪዎች ሥራ ስናነሣ ጭነቱን ብቻ ሳይሆን ሬሳውንም ማንሣት ይገባል። በሐይቅና በአምባሰል ቀብር የሚፈጸመው በቅሬ ነው። ቅሬ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድነት የሚረዳዳበት የወሎ ማኅበር ሲሆን ሬሳው በቃሬዛ ሆኖ በሰው ትከሻ ይሸኛል። በአዲስ አበባ ባለ መስተዋት የአስከሬን መኪና ሲያልፍ ሰው ቆሞ ያሳልፈዋል፤ በእኛ በኩል ግን ለቀብር ብቻ ተብሎ የተሠራ መኪና ልማድ አልነበረም። ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሞት ሬሳውን ወደ ወገኑ የሚያመጣው የተገኘው ካሚዮን ወይም ላንድ ሮቨር ነው። ያው መኪና ማግስቱን እህል ይጭናል፤ ጥር ሲገባ ደግሞ አበባ ተሰክቶበት ሙሽራ ያመጣል።

በአሜሪካ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የቀብር መኪና በካዲላክ ሻንሲ ላይ በጥቂት ቁጥር በእጅ ይሠራ ነበር፤ ከሠሪዎቹም መካከል ሚለር ሚቲየር የተባለው ይታወቃል። ለብዙ ዘመን ቀባሪው ራሱ የአምቡላንስን ሥራ ደርቦ ይሠራ ስለ ነበር አንዱ መኪና ጠዋት በሽተኛ፣ ማታ ሬሳ የሚጭንበት ጊዜ ነበረ፤ በሽተኛው በምን ልቡ ይተኛበት እንደ ነበር እርሱ ይወቀው። እነዚህ መኪናዎች ቀስ ብለው ስለሚነዱ፣ ብዙ ርቀት ስለማይሄዱና ከመጠለያ ስለማይወጡ ከሌላው አውቶሞቢል ይልቅ ዕድሜ ይሰጣቸዋል። ስለዚህም አሮጌ የሬሳ መኪናና አምቡላንስ የሚሰበስቡ ሰዎች ተነሡ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ማኅበር አቁመው እርስ በርሳቸው ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ። ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነገር ነው። የሬሳ መኪናን በደስታ ገዝቶ ከደጁ የሚያቆም ሰው በሐይቅ ቢኖር ጎረቤቱ ጸበል ይወስደው ነበር።

ሆኖም ከእነዚህ ሰዎች ገበያ አንድ ነገር እንማራለን። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. በዳላስ ከተማ በጥይት በተገደሉ ጊዜ ሬሳቸውን ከሆስፒታል ወደ አውሮፕላን ያደረሰው አንድ ነጭ ካዲላክ የሬሳ መኪና ነበረ። በዋሽንግተን የተፈጸመው ቀብር በፈረስ በሚጎተት የመድፍ ጋሪ ሲሆን፣ ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከለቀስተኞቹ መሪዎች መካከል ሆነው በእግራቸው እንደ ሸኙ ይታወሳል። ያ ካዲላክ በጥር 2004 ዓ.ም. በሐራጅ ቀርቦ በ160 ሺህ ዶላር ተመታ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለብረቱ አልነበረም፤ በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት የሠራውን ሥራ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ስላለው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በጥር 2003 ዓ.ም.፣ በዚያው ሐራጅ «የፕሬዚዳንቱን ሬሳ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለው አምቡላንስ ይህ ነው» ተብሎ ሌላ መኪና በ120 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ነገር ግን ትክክለኛው አምቡላንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ተጨፍልቆ እንደ ጠፋ የሚያመለክት ወረቀትና ፎቶግራፍ ስለ ወጣ ክርክሩ እስከ ዛሬ ስሙን ተከትሎታል። ሁለቱም አሮጌ መኪናዎች፣ ሁለቱም የሚያብለጨልጩ ናቸው፤ የለያቸው ወረቀት ነው።

የወረቀትን ነገር ለአምባሰል ሰው ማስተማር ደግሞ ድፍረት ይሆንብናል። ከሐይቅ አልፎ ወደ ወልድያ ሲኬድ የሚገኘው ውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበት ቦታ ነው። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃልና የኢጣልያንኛው ቃል ሳይስማማ ቀርቶ እስከ ዓድዋ ያደረሰንን ነገር የማያውቅ የለም።

ወረቀትን ጠብቆ በማቆየትም ቢሆን አገሩ የመጀመሪያ ነው። በሐይቁ ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ አበምኔትነት የትምህርት ማእከል ሆኖ ነበር። በእርሳቸው ስም የሚጠራው ወንጌል ዛሬም አለ፤ በዚሁ ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦ ይገኛል። ከ700 ዓመት በፊት መነኮሳቱ ያላቸውን ቆጥረው ስም በስም ጽፈዋል ማለት ነው። እንግዲህ በዚያው በሐይቅ ዳር፣ ሰማንያ ዘጠና ዓመት የሠራ ካሚዮን ከየት እንደ መጣ፣ የማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ጫነ ሳይጻፍ በኪሎ ተመዝኖ ለብረታ ብረት ነጋዴ መሸጡ ይገርማል።

ነገሩ ዛሬ የሚያጣድፍ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜ በገፋ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ እዚሁ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ ጨመረ። በአዲስ አበባ ትናንት በርካሽ የሚናቀው ቮልስዋገን፣ ቮልስ የምንለው፣ ዛሬ ወዳጆቹ የሚሰባሰቡለትና እንደ ቅርስ የሚያድሱት ሆኗል። ዐዋቂ ገዢ የቮልስን ዕድሜ ለማወቅ የኋላ መስተዋቱን ያያል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1953 የተሠራው መስተዋቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ከዚያ እስከ 1957 የተሠራው ሞላላ ነው፣ የኋለኛው ደግሞ ሰፊ ነው። በእኛ አገር ግን መካኒኩ የአንዱን በር ለሌላው፣ የሌላውን ሞተር ለሦስተኛው እያዋሰ ስላቆያቸው መስተዋት ብቻውን አያስረዳም። ይህን ለነቀፋ አልተናገርነውም። መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን መኪናዎቹን ከሞት ያተረፈው ይኸው ብልሃት ነው፤ የተበየደው ቦታ ራሱ ታሪክ ነው። ለዚህም ነው አሮጌውን ቀለም ፍቆ እንደ አዲስ ሳንቲም ማስመሰልን የማንወደው። አዳሹ ጠባሳውን ሲያጠፋ የሠራተኛውንም እጅ አብሮ ያጠፋዋል።

ስምና ትውልድ ተጽፎ መቆየቱ ምን ያህል እንደሚረዳ ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን ትመሰክራለች። በጦርነቱ ዋዜማ በአገራችን ተሠርታ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተጠራችው ይህች አውሮፕላን በጠላት ተወስዳ በኢጣልያ ሙዚየም ውስጥ ስትኖር ስሟ አልጠፋም ነበር፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። በአንጻሩ ደሴ ያለው የወሎ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ዝርፊያና ጉዳት ደርሶበታል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ሙዚየም ይጠብቀዋል ብሎ መተው አያስተማምንም።

እንበልና አንዲት እናት በሐይቅ ከተማ ባለቤታቸው ትተውላቸው የሄዱትን ኤን ትሬ ሊሸጡ ነው። ደላላው «እማማ፣ ይህ እኮ ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ በዚህ ዋጋ ይልቀቁት» ይላቸዋል። እርሳቸውም «ልጄ፣ የእኔ ጌታ በዚህ ስንቱን ሙሽራ አመጣ፣ ስንቱንስ ሬሳ ለእናቱ አደረሰ!» ይላሉ። ደላላው ይህን የሚሰማው እንደ ለቅሶ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰብሳቢ ግን ቢሰማው ዋጋ ይጨምርበት ነበር። ስለዚህ ስም ከመዛወሩ በፊት የሰፈሩን ተማሪ ጠርተው ያስጽፉ፤ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ በፊተኛው ሊብሬ ላይ የነበረው ስምና ታርጋ፣ በየትኛው ዓመት ከማን እንደ ተገዛ፣ ሞተሩ ተለውጦ እንደሆነ መቼና በማን እጅ፣ በየትኛው መንገድ ምን ሲጭን እንደ ኖረ ይጻፍ። የቆየ ፎቶግራፍም ካለ ገልብጠው ያያይዙ፤ ሠርግ ያልተነሣበት ካሚዮን ጥቂት ነው።

ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ የውጫሌው ነገር እንዳይደገም የሁለቱም ቃል አንድ ይሁን። አንደኛው ለገዢው ይሰጥ። ሁለተኛው ከቅሬው ሣጥን ይግባ። ቅሬው የአባላቱን ስም የሚይዝበት መዝገብ አለውና፣ የስንቱን አባል ሬሳ ከሩቅ አገር ያመጣ ካሚዮን ከዚያ መዝገብ አንድ ገጽ ቢያገኝ ቦታ አያጣብብም።