የከሰል ጭስ ሥፍራ፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ቅዳም

በከተማ ሰው ዘንድ ከሰል ጭስ የማያበዛ ማገዶ ተደርጎ ይቈጠራል። ይህ ግምት ከሰሉ ለሚነድበት ቤት እንጂ ለሚከሰልበት አገር አይስማማም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጭሱ ከከተማ ወጥቶ ወዴት እንደ ሄደ በታሪክ ተራ ማሳየት ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት ሥራና ለማገዶ ተመነጠረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ካሳሰቧቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የእንጨት እጦት ነበር። ከተማይቱን በሥፍራዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በዚያ ዘመን እንጨቱ ከቅርብ ተቈርጦ በየቤቱ ይነድ ስለ ነበር፥ ሙቀቱንም ጭሱንም የሚያገኘው ያው ከተሜ ነበር።

ከሰል ግን ሁለቱን ለያያቸው። ከእንጨት ይልቅ ቀላል ስለ ሆነ ሩቅ መንገድ ተጭኖም ያዋጣል። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ አዲስ ቅዳም የምትገኘው በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፥ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ የወረዳው ገበሬ፥ ይህም ከአውስትራልያ የመጣ፥ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ በእርሻው ላይ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጦ ያከስላል። ለምነቱ ባለቀ መሬት ላይ ይህ ሥራ ብዙ ቤተ ሰብ አቋቁሟል።

አከሳሰሉ እንዲህ ነው። የደረቀው እንጨት ይከመራል፤ በሣርና በቅጠል ተሸፍኖ አፈር ይለበሳል፤ በአንድ ወገን እሳት ይለኰስና ብዙ ቀንና ሌሊት እየታፈነ ይቃጠላል። ጭሱ በመጀመሪያ ነጭና ወፍራም ሲሆን፥ በመጨረሻ ቀጥኖ ሰማያዊ ይመስላል። እንዲህ ባለ ክምር ከእንጨቱ ክብደት ከሰል የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከሩብ በታች ነው። የቀረው በእንፋሎት፥ በጋዝና በደቃቅ ብናኝ መልክ እዚያው አየር ላይ ይቀራል። ባለ ጆንያው ደንበኛ ግን ይህን አያይም፤ በቤቱ የሚያሰጋው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ጭስን ማራቅ ማጥፋት እንዳልሆነ የእንግሊዝ አገር ታሪክም ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 በታኅሣሥ ወር የለንደን የድንጋይ ከሰል ጭስ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ገደለ፤ በ1956ም የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ። የመብራት ኃይል ማመንጫዎችም ከከተሞች ርቀው ረጃጅም ጭስ ማውጫ ተሠራላቸው። በከፍታ የወጣው የድኝ ጋዝ ግን ባሕር ተሻግሮ ከሌሎች አገሮች ጋዝ ጋር የኖርዌይንና የስዊድንን ሐይቆች አሲዳማ አደረገ። በ1979 በጄኔቭ የተፈረመው ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት ከዚህ ችግር የተወለደ ነው።

የፋግታ ክምር ከዚህ የሚለየው ጭስ ማውጫ ስለሌለው ነው፤ ጭሱ ከመሬት አጠገብ ይወጣል። በደጋ አገር ጥርት ባለ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ በላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ስለሚሆንበት ጭሱ ሽቅብ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ከሸለቆ ሥር ባሉ ቤቶች አጠገብ የሚነድ ክምርና ነፋስ በሚያገኘው ገላጣ ሥፍራ ላይ የሚነድ ክምር፥ እንጨታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ጉዳታቸው እኩል አይደለም።

ከሰል ማክሰል ይቅር ማለት የገበሬውን ጉሮሮ መዝጋት ነው። ነገር ግን ክምሩ ከቤትና ከትምህርት ቤት ርቆ፥ የነፋሱ አቅጣጫ ታይቶ እንዲሠራ መምከር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከአንድ እንጨት ብዙ ከሰል የሚሰጥ፥ ጭሱም ያነሰ ምድጃ መሥራት ግን ገንዘብ ይጠይቃል። በቅርብ ዓመታት ዲከረንስን የዝገት በሽታ ስለ መታው የገበሬው ገቢ ተናግቷልና፥ ይህን ወጪ ለብቻው ይሸከም ማለት ፍርድ አይሆንም። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ከሰሉን ገዝቶ ጭሱን ለአዊ የተወው ከተሜ ከዋጋው ጋር ሊካፈለው ይገባል።