ሟች በስሙ የማይጠራበት ጫካ

ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ገና ክፍል ከመግባታችን የተነገረን ነገር ቢኖር ዜና የሚጀምረው «ማን?» ከሚለው ጥያቄ መሆኑን ነው። ስም የሌለው ዜና ግማሽ ዜና ነው ተብለን ነው የተመረቅነው። ዛሬ የምናወራችሁ ግን ሰውን ፊት ለፊት በስሙ መጥራት ነውር፣ የሞተ ዘመዱን ስም ማንሳት ደግሞ ከባድ ስድብ ስለሆነበት ሕዝብ ነው። ያኖማሚ ይባላሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ያኖማሚዎች የሚኖሩት በደቡብ አሜሪካ፣ ቬንዙዌላና ብራዚል በሚዋሰኑበት ደን ውስጥ ነው። በሁለቱ አገሮች ያሉት ሲደመሩ ከ30 ሺህ በላይ ይሆናሉ። አንድ መንደር ማለት ብዙውን ጊዜ አንድ ቤት ማለት ነው፤ ሻቦኖ ይሉታል። ክብ ነው። ጣሪያው ዙሪያውን ብቻ ይሸፍናል፣ መሐሉ ሰማይ የሚታይበት ሜዳ ነው። ከጣሪያው ሥር እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ምድጃ አለው፣ በምድጃው ዙሪያም የገመድ አልጋዎች ተወጥረዋል። በቤተሰብና በቤተሰብ መካከል ግድግዳ የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ መንደሩ ይሰማል፣ ሥጋ ይዞ የገባውንም ሁሉም ያየዋል። ደግሞም አዳኝ የገደለውን ራሱ አይበላም። ለሌላው ይሰጥና እሱ ሌላው ያደነውን ይበላል። ስስታም መባልን የመሰለ ውርደት የለም።

ንጉሥ የላቸውም፤ ፖሊስም፣ ግብር ሰብሳቢም እንዲሁ። ሽማግሌዎች አሉ። እነሱም ማለዳ ወይም ማታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ አደኑ፣ ስለ ሙዝ እርሻው፣ ስለሚመጣው እንግዳ ይናገራሉ። ይመክራሉ እንጂ አያዙም፤ አልሰማም ያለውን የሚያስሩበት ወኅኒ ቤት የለም። ጠብ ከበረታ መንደሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ከፊሉም ሄዶ ሌላ ሻቦኖ ይሠራል።

ታዲያ ያለ መንግሥት ምን ያስተሳስራቸዋል? ዝምድና። የአባት ወንድም አባት ነው፣ የእናት እህትም እናት ናት፤ ልጆቻቸውም ወንድምና እህት ናቸው። የአባት እህት ወይም የእናት ወንድም ልጅ ግን ሊያገቡት የሚመረጥ ዘመድ ነው። ያገባ ወንድ ለአማቶቹ ያድናል፣ ይሠራል። እንግዲህ በዚያ ክብ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ለሌላው ወይ አባት፣ ወይ ወንድም፣ ወይ አማች ነው። የሚጠራሩትም በዚሁ ነው።

ሰው ሲሞት አስከሬኑ ይቃጠላል። የተረፈው አጥንት ይወቀጥና በቅል ይቀመጣል። ቆየት ብሎ ረአሁ የሚባል ድግስ ይደገሳል፣ ወዳጅ መንደሮችም ይጠራሉ። በብዙ አካባቢዎች አመዱ ከሙዝ ሾርባ ጋር ተቀላቅሎ ይጠጣል፤ በምድጃ ሥር የሚቀብሩትም አሉ። የሟቹ ቀስትና ዕቃ ይወድማል። ስሙም ከዚያ ወዲያ አይነሳም። ይህ ሟቹን መናቅ እንዳይመስላችሁ። ሟቹ ወደ ሙታን አገር እንዲሄድ እዚህ የሚይዘው ነገር መቅረት የለበትም፤ ከቀረ ግን ናፍቆቱ እሱንም ሕያዋኑንም አያሳርፍም።

በ1964 ናፖሊዮን ሻኞን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በቬንዙዌላ በኩል ወደ ያኖማሚዎች ገባ። ሥራው የዘር ሐረግ መመዝገብ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ስም፣ በተለይም የሙታን ስም ያስፈልገዋል። መንደርተኛው ምን አደረገ? ለአፍ የሚከብድ ብልግና እየፈጠረ «ስሙ ይኸው ነው» ይለው ጀመር። እሱ በቁም ነገር ጮክ ብሎ ሲደግመው ሰዉ በሳቅ ይሞታል። አምስት ወር ያህል የለፋበት መዝገብ ቀልድ መሆኑን የተረዳው ሌላ መንደር ሄዶ ነው። ታሪኩን የጻፈው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ዘዴ አገኘ፦ የአንዱን መንደር ሙታን ስም ከተጣላው መንደር መጠየቅ።

በ1968 ያሳተመው መጽሐፍ ንዑስ ርዕስ በአማርኛ «ኃይለኛው ሕዝብ» እንደ ማለት ነበር። መጽሐፉም ለብዙ ዘመን የዩኒቨርሲቲ መማሪያ ሆነ። በያኖማሚዎች ዘንድ ውጊያና የደም ብቀላ የለም አንልም፤ አለ። ነገር ግን ውጊያው ከተፈጥሯቸው ነው ወይስ ከሌላ? እንደ ብራያን ፈርጉሰን ያሉ ተመራማሪዎች ከውጭ በሚገባ ገጀራና መጥረቢያ ሽሚያ የተባባሰ ነው ብለው ሞገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም።

ስሙ ግን ክርክሩን አልጠበቀም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወርቅ ፈላጊዎች በብራዚል በኩል ወደ ያኖማሚ ምድር ጎረፉ፣ ወባም ይዘው ገቡ። በ1988 የብራዚል መንግሥት ምድሪቱን በ19 የተነጣጠሉ ቁራጮች ለመሸንሸን ወሰነ። ያን ጊዜ የብራዚል አንትሮፖሎጂስቶች፣ ይህ የኃይለኝነት ወሬ ለመሬት ነጣቂዎች ሰበብ እየሆነ ነው ብለው ለአሜሪካ አቻዎቻቸው አቤት አሉ። መጽሐፉ መሬት ቀማ ማለታችን አይደለም። መሬት የሚቀማ ሰው ግን የሚጠቅሰው መጽሐፍ አያጣም።

በተቃራኒው ወገን የቆሙ የውጭ ሰዎችም ነበሩ። ፎቶግራፈር ክላውዲያ አንዱዣር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሐኪሞች ጋር ለክትባት ጫካ ገባች። ማን እንደተከተበ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ስም ደግሞ አይነገርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንገቱ ላይ ቁጥር እየተንጠለጠለ ፎቶ ተነሳ። አስቡት፤ አንዱዣር አባቷና የአባቷ ዘመዶች በናዚ ካምፖች ያለቁባት ሴት ናት። ቁጥር በሰው ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች፤ አሁን ግን ቁጥሩ የተለጠፈው ሰዎቹ እንዲተርፉ ነበር። እሷና ባልደረቦቿ ከያኖማሚዎቹ መሪ ከዳቪ ኮፔናዋ ጋር ለዓመታት ታግለው፣ በ1992 ከ9.6 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ሳይቆራረጥ ለያኖማሚዎች ተከለለ።

ከስም የባሰም ተወስዶ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከብዙ ሺህ ያኖማሚዎች ደም ቀድተው በማቀዝቀዣ አስቀመጡ። ደም ሰጪዎቹ አንድ በአንድ ሲሞቱ ደማቸው በሰው አገር ቀረ። የሟቹን ቀስት እንኳ ለሚያጠፋ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ከረጅም ክርክር በኋላ በ2015 ከ2,600 በላይ ብልቃጦች ወደ ብራዚል ተመለሱ። ያኖማሚዎቹም ደሙን በገዛ ምድራቸው፣ በሥርዓታቸው ቀበሩት።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። በጥር 2023፣ ወርቅ ፈላጊዎች እንደገና ከተመለሱ በኋላ፣ በረሃብ የመነመኑ ያኖማሚዎች ፎቶ ዓለምን ዞረ፤ የብራዚል መንግሥትም የጤና አስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ፎቶው ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ከነዚያ ፎቶዎች በአንዱ የታዩ አሮጊት ሲያርፉ፣ አንድ የያኖማሚ ማኅበር ምስላቸው ከእንግዲህ እንዳይሰራጭ ለመነ። በእኛ ባህል የሟች ስምና ምስል አይነሳም፣ ሐዘን ላይ ነን አለ።

እንግዲህ እኛ፣ ስምና ፎቶ እንጀራችን የሆነ ልጆች፣ ምን እንበል? ዝም ብንል ወርቅ ፈላጊው ደስ ይለዋል፤ ሁሉን ብንጽፍ ሟቹን ከመንገዱ እንጠራዋለን። መንገዱን የሚያሳየን ኮፔናዋ ራሱ ይመስለናል። ነጮች ቃላቸውን ወረቀት ላይ የሚያሰፍሩት ስለሚረሱ ነው እያለ የሚተች ሰው፣ ከአንትሮፖሎጂስቱ ብሩስ አልበር ጋር ሆኖ በ2010 በፓሪስ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ስለ ሕዝቡ የተናገረው እሱ ነው፤ የትኛው ቃል ወደ ሩቅ አገር ሰዎች እንደሚሄድም የመረጠው እሱ ነው።

ሻኞን የሙታንን ስም ከጠላት መንደር ለቀመ፣ ኮፔናዋ ቃሉን በፈቃዱ ሰጠ። ሁለቱም መጽሐፍ ሆነዋል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። «ማን?» ብለን መጠየቃችንን አንተውም፣ ሥራችን ነውና። ከዚያ በፊት ግን «ልጻፈው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስከፍለን አንድ ቀን መዘግየት ነው። ዜናው ያን ያህል ይታገሳል።