የዳኑብ የብስክሌት መንገድ (ከፓሳው እስከ ቪየና)

የዳኑብ የብስክሌት መንገድ የዳኑብን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ የረጅም ጉዞ መንገድ ነው። በጣም የታወቀው ክፍሉ ከጀርመን ከተማ ከፓሳው ተነሥቶ የኦስትሪያ ዋና ከተማ እስከሆነችው ቪየና ይደርሳል። ይህ ክፍል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው የዩሮቬሎ 6 መስመርም አካል ነው።

የእንፋሎት መርከብ ሳይመጣ በፊት ጀልባዎችን ሽቅብ፣ ከውሃው ፍሰት በተቃራኒ፣ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። ዛሬ ብስክሌት የሚነዳው በብዙ ስፍራ ለነዚያ ፈረሶች በወንዙ ዳር በተሠራው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዞው ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ጀማሪዎችም ይችሉታል። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ አብዛኞቹ ተጓዦች ቁልቁል ወደ ቪየና ይሄዳሉ።

ሽሎገን አጠገብ ወንዙ በደን በተሸፈኑ ኮረብታዎች መካከል ዞሮ ይታጠፋል። ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው የቫኻው ሸለቆ በእርከን ላይ በተተከለ ወይን ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዳገት የሚወዱ ብስክሌተኞች ከቪየና በስተ ምዕራብ ወዳለው የቪየና ደን ይወጣሉ። በዚያ የሚገኘው የካለንበርግ ኮረብታ ከፍታ 484 ሜትር ነው።

መንገዱን ቀላል ያደረገው ለውሃው መቅረቡ ለጎርፍም ያጋልጠዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 የዳኑብ ጎርፍ ፓሳውን አጥለቅልቋል። ወንዙ ሲሞላ ዝቅተኛዎቹ ክፍሎች ስለሚዘጉ ተጓዦች ከፍ ባሉ መንገዶች ይዞራሉ።