አድራሻ ከራስ ወይስ ከእግር?

ዩስተን አጠገብ በጋወር ስትሪት ስታልፉ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደንን ሳታዩት አትቀሩም። «ዩኬ» የሚለው የኢንተርኔት ስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በአደራ የተሰጠው እዚያ ነው። አሠራሩ ሰፈር ገብቶ ቤት እንደ መጠየቅ ነው፤ ዋናው መዝገብ ሁሉንም ቤት አያውቅም፤ «ዩኬን እገሌን ጠይቅ» ይላል፣ እገሌም በተራው ወደ ታች ይመራል።

የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ግን፣ እኛ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር እያልን እንደምንጽፈው፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይጽፉ ነበር። አሜሪካኖቹ በተቃራኒው። ጣጣው የመጣው የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች አድራሻ «ሲኤስ» በሚል ሲያልቅ ነው፤ ቼኮዝሎቫኪያም ያንኑ ስም ይዛ ስለ ነበር፣ ደብዳቤው እዚሁ ይቅር ወይስ ፕራግ ይሂድ ማሽኑ ግራ ይገባው ነበር። በ1990ዎቹ ብሪታንያ የራሷን ትታ የአሜሪካኖቹን ያዘች (የቀድሞው ይሻል ነበር ባይ ነኝ)። በ1995 ለኢትዮጵያ የተሰጠው «ኢቲ»ም ከአድራሻው መጨረሻ የሚጻፈው በዚሁ ሥርዓት ነው።