አንድ ሻማ ስንት ካንዴላ ነው? (የእርማት ጽሑፍ)

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ የአንድ አሮጌ መጽሐፍ ገጽ ፎቶ አንስቶ በውስጥ መስመር ላከልኝ። «ቲቸር፣ ይሄ መጽሐፍ የመብራቱን ብርሃን በሻማ ነው የሚለካው። ወደ ካንዴላ ስቀይረው በ0.981 ላባዛ ወይስ ላካፍል?» ይላል። «አባዛ» ብዬ መለስኩለት። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር ስለሆነ ማሰብም አላስፈለገኝም። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝና ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ እየሄድኩ አየሁት። ተሳስቻለሁ። እናንተንም አሳስቻለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጋዝ ንግድ ነው። ለንደን ከተማ መብራቷ በጋዝ በነበረበት ዘመን ኩባንያው የሚሸጠው ጋዝ ምን ያህል እንደሚያበራ የሚለካበት ነገር ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 የወጣው ሕግ መለኪያውን ሻማ አደረገው። እንዲያው ማንኛውም ሻማ አይደለም። ከዓሣ ነባሪ ጭንቅላት በሚገኝ ሰም የተሠራ፣ ስድስቱ አንድ ፓውንድ የሚመዝን፣ በሰዓት 120 ግሬይን (7.8 ግራም ገደማ) የሚነድ ሻማ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ የካርሴልን ፋኖስ ያዙ፤ በሰዓት 42 ግራም የጎመን ዘር ዘይት ይበላል፣ ብርሃኑም ከ10 ሻማ ትንሽ ዝቅ ይላል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1884 በኋላ የሄፍነር-አልተኔክን መብራት መረጡ። ነዳጁ አሚል አሲቴት ነው፣ ሙዝ ሙዝ የሚሸት ፈሳሽ። ነበልባሉ ልክ 40 ሚሊሜትር እንዲቆም ይደረጋል። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ደግሞ ይደክማል።

እነዚህን እንዴት አስተያዩዋቸው? በዓይን ነዋ። ሁለቱን መብራቶች በግራና በቀኝ አቁመው፣ መሐል ላይ የቅባት ጠብታ ያረፈበት ወረቀት ይሰቅላሉ። ጠብታው ከሁለቱም ወገን እኩል እስኪመስል አንዱን መብራት ያርቁታል ወይም ያቀርቡታል። ከዚያ የርቀቱን ካሬ ማስላት ብቻ ነው (ይሄኛውን በትክክል ነበር ያስተማርኳችሁ!)። ችግሩ ቀለም ነው። የሄፍነር ነበልባል ቀላ ይላል፣ የኤሌክትሪክ አርክ መብራት ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቀይን ከሰማያዊ «እኩል ነው» ለማለት ሁለት ሰው አይስማማም።

ፈረንሳዊው ቪዮል በ1881 ከነበልባል እንውጣ አለ። የቀለጠ ፕላቲነም ሲረጋ ከ1 ካሬ ሴንቲሜትር የሚወጣው ብርሃን መለኪያ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ያ አንድ ቪዮል 20 ሻማ ገደማ ይሆናል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ በላብራቶሪ በትክክል መድገሙ ግን አስቸጋሪ ሆነ። በ1909 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና አሜሪካ «ዓለም አቀፍ ሻማ» በሚለው ተስማሙ፤ ልኩን የሚጠብቁትም በየላብራቶሪው በተቀመጡ የካርቦን ክር አምፖሎች ነበር። ጀርመን አልገባችም፤ 10 ሄፍነር 9 ዓለም አቀፍ ሻማ ነው ተብሎ ታለፈ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948፣ አዲሱ መለኪያ (ካንዴላ) ወደ ፕላቲነም ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ ብረቱ ራሱ አይደለም የሚታየው፣ ሲረጋ ባለው ሙቀት ላይ የሚገኝ ፍጹም ጥቁር አካል ነው። ከእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር የሚወጣው ብርሃን 60 ካንዴላ ይባል ተባለ። ያው ብርሃን ቀደም ሲል በአሮጌው ሻማ ሲለካ ከ59 ትንሽ ያነሰ ነበር የወጣው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ጣሳ ጤፍ በትልቅ ስኒ ስትሰፍሩት 59፣ በሌላ ስኒ ስትሰፍሩት 60 ከወጣ ሁለተኛው ስኒ አነስ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ሻማ 1.02 ካንዴላ ገደማ ነው። 0.981 የሚባለው ቁጥር አንድ ካንዴላ በአሮጌው ሻማ ስንት እንደሆነ ነው የሚናገረው። ብዙ ሰንጠረዦች ገልብጠው ይጽፉታል፣ እኔም ከሰንጠረዥ ገለበጥኩ።

መፈተሻም አለው። ሄፍነር 0.9 ዓለም አቀፍ ሻማ ከሆነ፣ በ1.02 ሲባዛ 0.92 ካንዴላ ይሰጣል፤ ብዙ መጻሕፍትም እንደዚያ ይሉታል። በ0.981 ብታባዙት ግን 0.88 ነው የሚወጣው። ሄፍነርን 0.92፣ ሻማን 0.981 የሚል ገጽ ካገኛችሁ እርስ በርሱ ይጋጫል። ደግሞ ይቺ 2 በመቶ ለሁሉም መብራት እኩል አትሠራም። የምትሠራው ቀለሙ እንደዚያ ፕላቲነም ሞቅ ያለ ቢጫ ለሆነ ብርሃን ነው፤ ነጣ ላለው የተንግስተን አምፖል ልዩነቱ ይጠባል።

በነገራችን ላይ እኛ ሱቅ ሄደን «ባለ 60 ሻማ አምፖል» ስንል ዋት ማለታችን ነው። ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ይህን እንደ ስሕተት አይቼ ባለሱቆች ላይ ስስቅ ነበር። ግን አስሉት። በ220 ቮልት የሚሠራ የ60 ዋት ክር አምፖል 700 ሉመን ገደማ ይሰጣል። በዙሪያው ሁሉ ሲከፋፈል (በ12.57 አካፍሉ) 56 ካንዴላ ይደርሳል። የካርቦን ክር አምፖል ለአንድ ሻማ ከ3 ዋት በላይ ይፈጅ ስለነበር ዋትና ሻማ አይገናኙም ነበር፤ ተንግስተን ሲመጣ ግን አንድ ለአንድ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ባለሱቁ ከእኔ ይልቅ ለእውነቱ ቀርቦ ነበር።

አንድ ዓመት ፈተና ላይ አንዲት ልጅ 1.02 ብላ፣ ከጎኑ 60ን ለ59 ስታካፍል የሚያሳይ ስሌት ሠርታ ነበር። ኤክስ አደረግኩባት። ልትከራከረኝ መጥታም «ሰንጠረዡን እይ» ብዬ ነው የመለስኳት። ይህን ካነበብሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ 2 ማርክ አለብኝ። ደብተራችሁን ያልጣላችሁም «አባዛ» የሚለውን ሰርዛችሁ «አካፍል» በሉት።